ቀጥ ያለ መቅዘፊያ

ሰኞ። ውኃው ቡናማ፣ ገና ከፍ ያለ።

ወቅቱን ዛሬ ከፈትን። መጋዘኑ ዝናቡን ሙሉ ተዘግቶ ስለከረመ ላስቲክና አይጥ ይሸታል። ካያኮቹን እያወጣን አጠብን፣ ገመዶቹን ፈትተን ፀሐይ ላይ አሰጣን። ታናሽ ወንድሜ የእኔን ካያክ ከመስቀያው አውርዶ እስከ መኪናው ድረስ ተሸከመልኝ።

«ምነው፣ ዛሬ ልደቴ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ትልቅ ሰው አክብሩ ተብለን አይደል ያደግነው፣ እትዬ?»

ሁሉም ዳክዬ ነው የሚሉት። ልጅ ሆኖ ውኃ ውስጥ ይጠልቅና እማዬ ነፍሷ ሊወጣ ሲል ካልታሰበ ቦታ ብቅ ይል ነበር። አሁን ሠላሳን አልፎ፣ ጢም አብቅሎ፣ ያው ዳክዬ ነው።

አለቃ ሰብስቦ አነጋገረን። እስካሁን እንግዶችን ጉሮሮ በምንለው የወንዙ ጠባብ መተላለፊያ የማሳልፈው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዘንድሮ ዳክዬም እንዲመራ ፈልጓል። ውኃው ሲቀንስ ፈተና አለው፤ ፈታኟ እኔ ነኝ። «አለፈ ካልሽ አለፈ፣ ወደቀ ካልሽ መኪና ይጠብ» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄን ከእምብርቴ በላይ ሳላነሳ።

ትከሻዬ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት የሚከብደው ብርድ ስለሚይዘው ነው።

ረቡዕ። ያው ቡናማ።

ደክሞኛል። እንግዶቹ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ነበሩ፤ ከወንዙ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይፈራሩ ነበር።

እማዬ ኩባያዎቹን ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው አውርዳቸዋለች። «ለምን?» ስላት «ጉልበቴ» አለችኝ። ጉልበትና ላይኛው መደርደሪያ ምን አገናኛቸው? እያረጀች ነው። ልከታተላት ይገባል።

ዓርብ። እየጠራ።

ከድልድዩ እስከ አሸዋው ያለውን ወንዝ፣ ወንዝ ከማለት የድንጋይ ሰልፍ ማለት ይቀላል። ውኃው በመካከላቸው ይቅርታ እየጠየቀ ያልፋል፣ ትዕግሥቱ እስኪያልቅ። መጀመሪያ ወንፊት አለ፤ ብዙ ትንንሽ ድንጋይ፣ ብዙ ትንንሽ መንገድ፣ ማንም ይወጣዋል። ከዚያ ሁለቱ ገደሎች ይቀራረቡና ጉሮሮ ይመጣል። በቀኝ ቤት የምታክል ቋጥኝ አለች፣ አማት እንላታለን፤ በየት በኩል ብትመጣባት አትደሰትም። በግራ ዝምተኛው አለ። መንገዱ በሁለቱ መሀል ነው።

ዝምተኛው ስሙን ያገኘው ስለማይጮህ ነው። ሌላው ድንጋይ ውኃ ሲመታው አረፋ ይደፍቃል፣ ያጉረመርማል፤ አረፋው ራሱ ትራስ ሆኖ ካያኩን ገፍትሮ ይመልሰዋል። ዝምተኛው ግን ከሥሩ ተቦርቡሯል። ውኃው አይመታውም፤ ሥሩ ይገባል፣ ያገኘውን ይዞ። ለአዲስ ሰው መጀመሪያ የምናስተምረው ይህንን ነው፦ የሚጮኸውን አትፍራ፣ ዝም ያለውን ፍራ።

ሁለተኛው ትምህርት፦ አደጋውን አትጠቁም፣ መንገዱን ጠቁም። ጉሮሮ ግርጌ ጠረጴዛው የምንለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ አንድ ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ መቅዘፊያ ያሳያል። መቅዘፊያው ቀጥ ካለ በመሀል ና። ወደ አንዱ ጎን ካዘመመ በዚያ ጎን ና። አግድም ከሆነ ቁም። ውኃው ቃል አያሰማም። ከላይ ያለው ሰው የሚያየው የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር ብቻ ነው፣ የሚያምነውም እሷን ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። የማላውቀው ነገር ይመስል።

ማክሰኞ።

ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ለሄልሜት ይመቻል። ቆራጯ «እንዲህ ያለ ፀጉር! አታዝኚም?» አለች። ጠዋት ጠዋት ማበጠር ጊዜ ይፈጃል አልኳት።

እማዬ አየችኝና «እኔ እኮ አበጥርልሽ ነበር» አለች።

ሐሙስ። ውኃው ገና ከፍ ያለ።

ወጌሻው ዘንድ ሄድኩ። ለትከሻዬ ብዬ ሳይሆን ሰፈሩ ጉዳይ ስለነበረኝ ነው። የድሮ ተጫዋች ነው፤ ግድግዳው ሁሉ የቡድን ፎቶ ነው፣ እጁ ቅባት ቅባት ይላል።

«ባለፈው ዓመት ምን ብዬሽ ነበር?»

«ብዙ ነገር ነው የሚሉት።»

«ዘንድሮ ውኃ እንዳትነኪ ነው ያልኩሽ። ሁለት ጊዜ ወጥቷል፣ ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ። ሦስተኛ ከወጣ እኔን አትጥሪኝ፣ አናጺ ጥሪ።»

ሁለቱንም ጊዜ ተመልሷል። የተመለሰ ነገር ተመልሷል።

ቀኝ እጄን ሽቅብ እንዳነሳ አዘዘኝ። አነሳሁ። ከጆሮዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው፣ ግን ቆመ። «እንዲሁ ያዢው» ብሎ እጁን ሊታጠብ ዞረ። ስለ ልጁ ሠርግ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምግቡ ያወራልኛል። መለስ ብሎ አየኝና ወሬውን አቋረጠ።

«ምነው?» አልኩት።

«ወርዷል።»

«አልወረደም።»

«እይው እንጂ።»

አየሁት። ወርዶ ነበር። ወሬ አስይዞኝ ነው፤ ሰው በወሬ ሲያዝ እጁን ያወርዳል፣ ማንም ነው። «ሴትዮ፣ ይሄ ክንድ ይዋሽሻል። እዚህ ነኝ ይልሻል፣ የለም» አለ። እንዲህ ያለ ንግግር ይወዳል። ቅባቱን ሰጠኝና ወጣሁ።

ቅዳሜ።

ዛሬ ወንፊት ላይ ከኋላዬ አንድ እንግዳ ለጓደኛው «መሪዋ ሁሌ በግራ ነው እንዴ የምትሄደው?» ሲል ሰማሁ። ጓደኛው «እሷ ታውቃለች፣ ዝም ብለህ ተከተል» አለው።

በግራ መሄዴን ልብ አላልኩም ነበር። በግራ ሲኬድ የሚሠራው ግራ ክንድ ነው።

ሰኞ። እየቀነሰ።

ከዳክዬ ጋር ተጣላን። መጋዘን ውስጥ፣ ገመድ እየጠቀለልን።

«እትዬ፣ የነገውን ቡድን እኔ ልምራና አንቺ ከኋላ ሆነሽ አንድ ቀን እረፊ» አለኝ።

«ደክሞኛል አልኩህ?»

«አላልሽም። ለዚህ ነው እኔ የምልሽ።»

«ፈተናህ እስኪደርስ መጠበቅ አቃተህ? ገና ሳልሞት ጫማዬን ትለካለህ?»

ገመዱን አስቀመጠ። እንደገና አነሳው። ሹፌሩ፣ አፉ ቀን ከሌት የማይዘጋው ሰውዬ፣ በር ላይ ቆሞ ነበርና ወሬውን ወደ ጎማ ለማዞር ሞከረ፤ ጎማውም አልተሳካለትም። ዳክዬ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ካያኬን ግን መስቀያው ላይ ሰቅሎልኝ ነው የሄደው።

ጫማዬን ትለካለህ። ከየት አመጣሁት? አባታችን ሲሞት ጫማውን የወሰደው ዳክዬ ነበር፣ ስለሚሆነው ብቻ። ያን ለማስታወስ አልነበረም። እሱ ግን ያን አስታውሶ ይሆናል። ነገ ይቅርታ እለዋለሁ።

ማክሰኞ።

አላልኩትም። ጊዜ አልነበረም።

ሐሙስ። ውኃው አረንጓዴ። ድልድዩ ሥር ያለው የውኃ መለኪያ ምልክት ብቅ ብሏል።

አለቃ ፈተናው ቅዳሜ ነው ብሏል። እንደ ወጉ ከሆነ ፈታኙ ቀድሞ ጉሮሮን ይወርዳል፣ ታች ባለው ጸጥ ያለ ውኃ ላይ ሆኖ ተፈታኙን ይጠብቃል። ይህንን ሳስብ ነው ሰሞኑን እንቅልፍ የሚያጥረኝ። ጉሮሮ መሀል ላይ አንድ ቦታ አለ፣ በቀኝ ክንድ ጠንክሮ መደገፍ የግድ የሚሆንበት። አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ማታ ዳክዬ ራቱን በልቶ ሳህኑን ይዞ ቆመ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቅዳሜ አትውረጂ። ጠረጴዛው ላይ ሁኚልኝ።»

«ለምን? ታች ሆኜ እጠብቅሃለሁ እንጂ።»

«ገመዱንም መቅዘፊያውንም አንቺ ያዢልኝ። አንቺ የምታሳዪኝን ነው የማምነው። ሌላ ሰው ቢቆም ልቤ አይረጋም።»

እማዬ ሳህን ማጠቧን ትታ እየሰማች ነበር። «እውነቱን ነው» አለች፣ ምን እንደተባለ የገባት ይመስል። «ወንድምሽ ከለመነሽ እሺ በይው። ምን ቸገረሽ? ቆሞ ማሳየት ነው።»

እሺ አልኩ። እንዳኮራኝ አልደብቅም። ሰኞ የተናገርኩትንም ይቅር እንዳለኝ ቆጠርኩት። ተኝቼ ሳስበው ግን ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ እንደወረደ ዓይነት ሆነብኝ፤ ይህ ሁለተኛው ደስታ ከምን እንደመጣ ብዙ አልመረመርኩም።

ቅዳሜ።

በሕይወት አለ። ጎድኑ ተጎድቷል። ሐኪሙ አይቶታል፣ አልተሰበረም።

ነገ እጽፋለሁ።

እሑድ። ወደ ውኃ አልሄድኩም።

ተኝቷል። የሚተነፍስበት ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል፤ ወደ ውስጥ ሲስብ አጭር፣ ሲያወጣ ረጅም።

እንደነበረው ልጻፈው። ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። ሰማዩ ደመና ነበር። አለቃና ሹፌሩ ከበስተኋላዬ ዳርቻው ላይ ነበሩ። አንድ እጅ ለሚወረወረው የማዳኛ ገመድ ከረጢት፣ አንድ እጅ ለመቅዘፊያው። ሰው ሁሉ ገመዱን የሚይዘው በሚወረውርበት እጁ ነው፤ የእኔ ቀኝ ነው። እኔ ገመዱን በግራ ያዝኩ። አስቤበት ነው። ነፍስ የሚያድነው ገመዱ ነው፣ ስለዚህ ደህናው ክንድ ገመዱ ላይ መሆን አለበት። ደህናው ስል የበለጠ ደህናው ማለቴ ነው። መቅዘፊያው መያዝ ብቻ ነው፣ እማዬ እንዳለችው።

በቀኝ እጄ መቅዘፊያውን ሽቅብ አቆምኩ። ቀጥ አድርጌ። በመሀል ና።

ዳክዬ ከላይ፣ ከወንፊት ማብቂያ፣ ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ተጠግቶ አየኝ። ከዚያ ሽፋኑን ለማስተካከል ጎንበስ አለ፤ የካያኩ አፍ በደንብ አልተዘጋለትም ነበር። ከፈተው። ዘጋው። እንደገና ከፈተው። እኔ እጄን አላወረድኩም። ብዙ ቆየ። ሹፌሩ ከኋላ ስለ አንድ ዘመዱ ቀልድ ይነግር ነበር፣ አለቃ ይስቅ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ገባ።

በግራ ገባ።

መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ‹ይህ ልጅ ምን ሆኗል?› ነው። ጮህኩ፣ ውኃው ዋጠው። ወደ ዝምተኛው ሄደ፣ አረፋ በሌለበት፣ ውኃው የሳሎን ወለል ይመስል ለስላሳ በሆነበት። ካያኩ ተለጠፈ። አፍንጫው ወደ ሥሩ መግባት ጀመረ። ዳክዬ ከሽፋኑ ወጥቶ በሁለት እጁ ድንጋዩን አቅፎ ፊቱ ብቻ ይታይ ነበር። ፊቱ ፈርቶ አልነበረም። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ያይ ነበር።

ገመዱን በግራ እጄ ወረወርኩ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ልጆች ኳስ እንደሚያሻግሩ። ትከሻው ላይ አረፈ። አለቃና ሹፌሩ ደርሰው ሦስት ሆነን ሳብን። ካያኩ ቀረ። ስንስብ እያየሁት ሥሩ ገባ፣ እንደ ደብዳቤ።

ዳርቻው ላይ ሲያስል፣ ሲያስመልስ ቆይቶ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ለምን በግራ አልሽኝ?» ነው።

«አላልኩህም» አልኩት።

አላልኩትም። ፊት ለፊት ስለምንቆም የእኔ ቀኝ ለእሱ ግራ ነው፤ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግሁ መቅዘፊያውን ወደ ቀኜ ማዘንበል አለብኝ። አላዘነበልኩም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

ሰኞ።

አለቃ መጋዘኑ ውስጥ ጠየቀ። «ማነው የተሳሳተው?» ረጅም ንግግር አይወድም።

ዳክዬ ጎድኑን በፋሻ ታስሮ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች» አለ።

ቅዳሜ ፀሐይ አልነበረም። ሦስታችንም፣ አራታችንም ይህን እናውቃለን። አለቃ ወደ ሹፌሩ ዞረ። «አንተ ከኋላዋ ነበርክ። መቅዘፊያው እንዴት ነበር?»

ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። «እኔ ሹፌር ነኝ፣ ጋሼ። የማውቀው ማርሽ ነው።»

ይህ ሰው በሕይወቱ አላውቅም ብሎ አያውቅም። የጨረቃን ጀርባ ብትጠይቀው ዘመድ አለኝ እዚያ ይላል።

«አንቺስ?»

«ቀጥ ነበር» አልኩ።

አለቃ ራሱን ነቀነቀ። «ምልክት ማንበብ የማይችል ሰው እንግዳ አይመራም። በቃ። ዘንድሮም ወደፊትም።» ዳክዬ «እሺ» አለ። ከዚያ ተነስቶ፣ ጎድኑን ይዞ፣ የመኪና መታጠቢያውን ባልዲ ፈለገ። እየቀለደ ነበር። አልሳቅንም።

ቀጥ ነበር። ቀጥ ነበር። ቀጥ ነበር።

ማክሰኞ። ዝናብ ጠብ አለ፣ ተወው።

ለዳክዬ ሻይ ይዤለት ገባሁ።

«ለምን ፀሐይ አልክ?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እውነቱን። ተሳስቼ አየሁ በል።»

ኩባያውን ተቀበለኝ፤ ዘንድሮ ሁሉ በእጁ የምሰጠውን ነገር ቶሎ ነው የሚቀበለኝ። «እትዬ፣ ከላይ ሳይሽ ወደ ግራ ነበር። መጀመሪያ ቀጥ ነበር፣ እሱንም አይቻለሁ። ሽፋኑን ዘግቼ ቀና ስል ወደ ግራ ሆነ። በመሀል ግንድ የመጣ መሰለኝ። እሷ ከታች ታያለች፣ እኔ አላይም አልኩ። ደግሞ ዘንድሮ ሁሌ በግራ ነው የምትሄጂው፤ ከእኔ የተሻለ ነገር አይታ ነው እያልኩ ስከተልሽ ከርሜያለሁ።»

«ዓይንህ ግራውን ሲያየው ምን አለህ?»

«አትሂድ አለኝ።»

«እና?»

«እና አንቺን አየሁ።»

ወጣሁ። ቁጣ አልመጣልኝ አለ። መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ልብስ እያጣጠፈች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች። «ለማን ነው?» አልኳት። «ለማንም። ለልብሱ» አለች።

ረቡዕ።

ዛሬ ያደረግሁትን ልጻፍ፣ ብዙም የሚያኮራ አይደለም።

እማዬ ገበያ ሄዳ፣ ዳክዬ ተኝቶ፣ ረጅም እጀታ ያለውን የወለል መጥረጊያ ይዤ የቁም ሳጥኑ መስተዋት ፊት ቆምኩ። በቀኝ እጄ ሽቅብ አቆምኩት። ቀጥ። መስተዋቱ ውስጥም ቀጥ። ጥሩ። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩና ሽፋን የሚዘጋ ሰው አሰብኩ። ከፈተው። ዘጋው። እንደገና ከፈተው። የሹፌሩን ቀልድ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ መጨረሻው ጠፋብኝ። ክንዴ ምንም አላለኝም። አላመመኝም። እዚህ ነኝ አለኝ፣ ቀጥ ነኝ አለኝ።

ዓይኔን ከፈትኩ።

መጥረጊያው ወደ ቀኜ አዘንብሏል፣ ጭንቅላቱን ትራስ ላይ ሊያደርግ እንደሚፈልግ ሰው። እያየሁትም መውረዱን አላቆመም። ቀና ላደርገው አዘዝኩት። ቀና ያደረግሁት መሰለኝ። መስተዋቱ ውስጥ ምንም አልተነቃነቀም።

እማዬ በሩ ላይ ነበረች፣ የገበያ ዘምቢሉን እንደያዘች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጸዳሁ።»

«አየሩን?»

መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችና ጥጉ ላይ አቆመችው። ከዚያ ቀኝ እጄን ይዛ፣ አንዴ አሸት አድርጋ፣ ወደ ጎኔ መለሰችልኝ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ። ወጥ ቤት ገባች። ስትገባ ዓይኔ ኩባያዎቹ ያሉበት ታችኛው መደርደሪያ ላይ አረፈ። ወቅቱ ሳይከፈት ነው ያወረደቻቸው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወደ ታች ለማጎንበስ ነው የሚቸገረው። ይህን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም።

ካያኩ። የተሸከመልኝ ካያክ። ኩባያውን ቶሎ የሚቀበለኝ እጅ። ‹ጠረጴዛው ላይ ሁኚልኝ›።

ሐሙስ።

ጠዋት ሳልቆርስ መጋዘን ሄድኩ። ዳክዬ ቀድሞኛል፣ እውነትም መኪና እያጠበ ነው፣ በአንድ እጁ። ሹፌሩ የሌላ ሰው መኪና ይመስል ከሩቅ ሆኖ ምክር ይሰጠዋል። አለቃ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩን እስኪጨርስ ጠበቅሁ። መናገር አሰብኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው። አንዱም አልመጣልኝም።

መቅዘፊያ አነሳሁ፣ ግቢው መሀል ቆምኩ፣ በቀኝ እጄ ሽቅብ አቆምኩት።

«ጋሼ፣ እንደው ዝም ብለው ያውሩኝ» አልኩ።

«ምን ላውራ?»

«የፈለጉትን።»

አለቃ አላወራም። ሹፌሩ ግን፣ እግዜር ይስጠው፣ ገባው፤ ያቺን የዘመዱን ቀልድ እንደገና ጀመራት። ዳክዬ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለ። እኔ የመጋዘኑን በር ብቻ አየሁ። ቀጥ ብዬ የቆምኩ መሰለኝ። ቀልዱ አላለቀም ነበር፣ ሹፌሩ መሀል ላይ ቆመ፤ ከፊቱ አወቅሁ። አለቃ መጥቶ መቅዘፊያውን ከእጄ ወሰደ፣ እማዬ መጥረጊያውን እንደወሰደችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከባለፈው ዓመት።»

«እንግዳ ይዘሽ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

ተቆጣ፣ መቆጣትም ነበረበት። የተናገረውን እዚህ አልገለብጠውም፤ ሁሉም ትክክል ነበር። ከእንግዲህ ካያክ ላይ አልወጣም። ይህን የተናገረው ቀስ ብሎ ነው፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መጨረሻ።

ከዚያ ዳክዬ ተናገረ፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ።

«ትከሻሽ እንደሚያምሽ አውቅ ነበር። እማዬም ታውቃለች። እንዲህ መሆኑን ግን አላወቅሁም። ጠረጴዛው ላይ ያቆምኩሽ እንዳትወርጂ ብዬ ነው፣ እትዬ። ጉሮሮ መሀል ላይ ያቺ የቀኝ ቦታ አለች አይደል? እሷን ፈርቼ ነው። ብነግርሽ ትቆጪያለሽ ብዬ አቆላመጥኩሽ።»

«የማምነው አንቺን ነው ያልከውስ?»

«እሱ እውነት ነው። ችግሩ እሱ ነው።»

ሹፌሩ «ወይ የዚህ ቤት ሰዎች!» አለ። «ዝም በመባባል ሰው ልትገድሉ!» ቀልዱን እንዲጨርስልን ጠየቅነው፤ መጨረሻው አያስቅም።

ማክሰኞ። ውኃው ዝቅ ያለ፣ የሚያሳይ።

ዝምተኛው ካያኩን መለሰው። ከግርጌ አሸዋው ላይ አገኘነው፣ ለሁለት ታጥፎ፣ እንደ ተነበበ ጋዜጣ። ዳክዬ ዙሪያውን ዞረው፣ በእግሩ ነካው። መኪናው ላይ ጫነው። የሚጥለው መስሎኝ ነበር፤ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ አዲስ ሰው ሲመጣ በሚያየው ቦታ።

ሳምንቱን ቢሮ ተቀምጬ ስልክ አነሳሁ። «ውኃው ቀዝቃዛ ነው?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። ስልኩን በግራ ነው የምይዘው። የቀኑ መጨረሻ ላይ ከወንዝ ውዬ ከምገባበት ይልቅ ደክሞኝ እገባለሁ። ይህ ድካም ሌላ ነው፤ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ቅዳሜ። ውኃው ጥርት ያለ፣ የወቅቱ መጨረሻ።

የዳክዬ ጎድን ዳነ ባይባልም ቻለ። አለቃ ሁለተኛ ፈተና ፈቀደ፣ ከዛሬ በኋላ ጉሮሮ ድንጋይ ብቻ ስለሚሆን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሆነን ወጣን፤ እኔ ገመዱን በግራ እጄ፣ ሹፌሩ መቅዘፊያውን። ሌላ ሰው አልጠፋም። ዳክዬ ነው የመረጠው። «እሱ ቢያንስ ሲደክመው ይናገራል» አለ።

«ካፒቴን» አለኝ ሹፌሩ፣ መቅዘፊያውን ሽቅብ አቁሞ፣ «ይሄ ነገር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል።»

«አታውራ፣ ያዝ።»

«መያዝ ነው የተዋዋልነው፣ ዝም ማለት አይደለም።»

ዳክዬ ከላይ ደረሰ። ከድንጋዩ ጀርባ ተጠጋ። ሽፋኑን ነካ ነካ አደረገ። እያወቀ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ አልቸኮለም። አማት እንደ ልማዷ ትጮሃለች። ዝምተኛው ዝም ብሏል።

«ዛለብኝ» አለ ሹፌሩ። ዝናብ ጀመረ እንደሚል ሰው።

«አግድም አድርገው።»

አግድም አደረገው። ከላይ ዳክዬ አየ፤ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ተቀመጠ። ሹፌሩ ክንዱን አራገፈ፣ ተራገመ፣ እጁን እፍ እፍ አለበት፣ ሌላኛው እጁ ላይ ቀየረው። ወንዙ መፍሰሱን አላቆመም፣ ማንም አልሞተም።

«እሺ፣ አሁን» አለ። ሽቅብ አቆመው። አየሁት፣ እሱን ሳይሆን እንጨቱን፣ ከመነሻው እስከ ጫፉ። «ትንሽ ወደ አንተ። ቆይ። እዚያ።»

ዳክዬ ገባ። በመሀል። ያቺ የቀኝ ክንድ ቦታ ላይ ሲደገፍ፣ ሰውነቴ አብሮት ተደገፈ፣ ትከሻዬም እንደ ድሮው ጮኸብኝ፤ ከሰሞኑ ዝምታ ጩኸቱ ይሻላል። አጠገባችን ሲያልፍ ወደ እኛ አላየም፤ ማየት የለበትም፣ ዓይኑ ውኃው ላይ መሆን አለበት። ታች ደርሶ ነው የዞረው። መቅዘፊያውን አነሳ። እኔም ገመዱን አነሳሁ፣ ያልተወረወረ ገመድ።

አለቃ «አለፈ?» ብሎ ጮኸ ከዳርቻው።

«አለፈ!» አልኩ።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ ኩባያዎቹን ወደ ላይኛው መደርደሪያ መልሳቸዋለች። ቆሜ አየኋቸው። ቀኝ እጄ አይደርስባቸውም።

«እማ፣ አንድ ኩባያ አውርጂልኝ።»

«እሺ ልጄ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴ ምን ሆነ?» አለችና ተነስታ አወረደችልኝ።